መልስ፦ ለስክሪን ሪደር የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

እህቴ፣ በኤንቪዲኤ (ስክሪኑ ላይ ያለውን ለዓይነ ስውራን በድምፅ በሚያነበው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም) እንደምትሠሪ ገልጸሽ «ግራፊክስ ካርድ ያለው ልግዛ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ከሆነ አያስፈልግሽም። ለእሱና ለስክሪን ጥራት የምታወጪውን ብር ራም ላይ አውዪው። 8 ጊጋባይት ያሠራል፤ ብሮውዘርና ወርድ አብረው ተከፍተው ድምፁ እንዳይንቀራፈፍ ግን 16 ይሻላል። ዲስኩ የግድ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን።

ከሁሉም በላይ ኪቦርዱን እይ። ኤንቪዲኤን የምታዢበት ኢንሰርት ቁልፍ በብዙ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር ካልተጫነ አይሠራም፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ካፕስ ሎክን የኤንቪዲኤ ቁልፍ ማድረግ ስለሚቻል በዚህ ብቻ ጥሩ ማሽን አይለፍሽ። በቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች ማንበብ ከለመድሽ ግን 15.6 ኢንች ከሆኑት ፈልጊ፤ 14 ኢንቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። የቀስት ቁልፎቹንም በጣትሽ ዳስሺ። የላይና የታቹ ተጣብቀው የአንድ ቁልፍ ቦታ ከተካፈሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእነሱ ለምታነብ ሰው በጣም አድካሚ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ በሻጩ ወሬ ብቻ አትወስኚ። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተርን አንድ ላይ ስትጫኚ የዊንዶውስ የራሱ ስክሪን ሪደር፣ ናሬተር፣ መናገር ይጀምራል። ፖርታብል ኤንቪዲኤ (ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን የሚሠራውን) በፍላሽ ከያዝሽ ደግሞ በለመድሽው ድምፅ ትሞክሪዋለሽ። ኢርፎንሽን ሰክተሽ ትንሽ ዝም በይና አንድ ቁልፍ ተጫኚ፤ የቃሉ መጀመሪያ ከተዋጠ የድምፅ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ይተኛል ማለት ነው።

ለአማርኛ ንባብ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጪ። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የንባብ ድምፅ፣ ሮቦት ቢመስልም፣ አማርኛ በነፃ ያነባል።