አንድ ዓመት ሙሉ አሸሁት

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣

ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ተጣልቼ ነው። የተጣላነው በፀጉር ነው። ለሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልቅሼ አደርኩ።

34 ዓመቴ ነው። ፀጉሬ መሳሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለይቶ መላጣ ያወጣው ቦታ የለም፤ ዝም ብሎ በየቦታው ሳሳ። ድሮ ሁለቴ የሚዞረው ማስያዣ አሁን አራቴ ይዞራል። ታላቅ እህቴ አየችና «ደም እየደረሰው አይደለም፤ የደም ዝውውርሽ ደካማ ነው» አለችኝ። የእሷ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ስለ ፀጉር ከእሷ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት በዘይት እንዳሽ፣ ጠዋት ደግሞ አልጋ ጫፍ ላይ ተንጋልዬ ጭንቅላቴን ወደ ታች ዘቅዝቄ እንድቆይ ነገረችኝ። አደረግኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አሸሁ። የትራስ ልብሶቼ በዘይት ወይበዋል። ከተዘቀዘቅኩበት ስነሳ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል፤ እሷ ግን «ደሙ እየሠራ ነው ማለት ነው» ትለኛለች።

ፀጉሬ አሁንም ይረግፋል። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ አናቴን ትዳብሳለች፣ «በደንብ እያሸሽ አይደለም» ትላለች። ትናንት ደግሞ በሰው ፊት «እሷ ድሮም ሰነፍ ናት፤ ጀምራ አትጨርስም» አለች። እዚህ ላይ በቃኝ። ሰነፍ አይደለሁም። ሰነፍ ከመሰልኩም ደክሞኝ ነው። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ አርፋለሁ፤ ልቤ ይመታል። ከሥራ ስገባ ከፍሪጅ በረዶ አውጥቼ እየቆረጠምኩ ሶፋ ላይ ጋደም እላለሁ። እንደ ሱስ ሆኖብኛል፤ በቀን ሁለት ትሪ በረዶ እጨርሳለሁ። የወር አበባዬ ሲመጣማ 9 ቀን ይቆያል፤ ሌሊት ሁሉ እየተነሳሁ ሞዴስ እቀይራለሁ። እሱ እንኳን የለመድኩት ነው። እህቴ ግን የምታየው ዘይቱ መቀባቱንና አለመቀባቱን ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰልችቶኛል። ቅዳሜ ሙልጭ አድርጌ ልላጨው አስቤያለሁ። ልላጨው? ወይስ የደም ዝውውር የሚጨምር ሌላ ነገር አለ?

የደከመችው

መልስ

እህቴ፣ በረዶውን አስቀምጪና ይህን አንብቢልኝ።

ስለ ዘይቱና ስለ እህትሽ በሰፊው ጻፍሽ። ስለ በረዶው ሁለት መስመር። ስለ ወር አበባሽ አንድ መስመር፤ እሱንም «የለመድኩት ነው» ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ግን ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

በረዶ መቆርጠም ሁልጊዜ ተራ አመል አይደለም። ሰውነት አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ሲያጥረው ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ነው፤ አይረኑ ሲሞላ አምሮቱም አብሮ ይጠፋል። ደረጃ መሀል የሚያቆምሽን የልብ ምት ጨምሪበት። ስትነሺ የሚጨልምብሽን ዓይን ጨምሪበት። 9 ቀን የሚፈሰውን ደም ጨምሪበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምለውን ምርመራ ያረጋግጠው። ግን ደምሽ መዞር ያቃተው አይመስለኝም። ደምሽ ራሱ ነው ያነሰው።

እህትሽ «ደም አይደርሰውም» ያለችው የራስ ቆዳ፣ ከሰውነታችን ደም በብዛት ከሚያገኙት ቦታዎች አንዱ ነው። አናቱን የተፈነከተ ልጅ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቁስሏ ጥፍር የምታህል ሆና ደሙ ፊቱን ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም አንድ ነገር አሳይቷል። ከኋላ በኩል ያለውን ፀጉር ከነቆዳው እየወሰደ መላጣው ላይ ሲተክለው ፀጉሩ ይዞ ማደጉን ቀጠለ። ቦታው ያው መላጣ ነው፣ ደሙም ያው ነው። የጎደለው ደም ቢሆን ኖሮ የተተከለውም ይደርቅ ነበር።

ማሸት ክፉ ነው አልልሽም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት አለ፤ 9 ጤነኛ ወንዶች በቀን 4 ደቂቃ ለ24 ሳምንት ራሳቸው ታሽቶ የፀጉራቸው ዘለላ በጥቂቱ ወፍሯል። ሰዎቹ 9 ብቻ ናቸው፤ ደቂቃውም 4 ነው። አንቺ ግማሽ ሰዓት ጣትሽ እስኪደነዝዝ ስትፈትጊው ደካማው ፀጉር ይሰበራል እንጂ አይበረታም። ደስ የሚልሽ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ በጣትሽ ለስላሳ ክፍል፣ ቀስ ብለሽ እሺው። መዘቅዘቁን ግን ዛሬውኑ ተዪ። ፀጉር ሲያበቅል አልታየም፤ የዓይን ግፊት ግን ይጨምራል፤ ያዞራት ሴት ከዚያ ስትነሳ ደግሞ ልትወድቅ ትችላለች።

አሁን ልቆጣሽ ነው። «የለመድኩት ነው» የሚለው ቃል ስንት ሴት እንዳደከመ ታውቂያለሽ? እናታችን ዝም ብላ ቻለችው፣ እኛም ዝም ብለን ቻልነው። ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ ሌሊት እያስነሳ ሞዴስ የሚያስቀይር የወር አበባ ብዙ ነው። በየወሩ አይረንሽን ይዞ ይሄዳል። ሰውነት ሲቸግረው ደግሞ ለልብና ለአንጎል ቅድሚያ ይሰጣል፤ ፀጉር ወረፋ ጠባቂ ነው። የአይረን እጥረት ፀጉር በየቦታው ሲሳሳ መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የሆነው በዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። የወር አበባሽን በቀንና በቁጥር ንገሪያቸው፤ «ትንሽ በዛ ይላል» አትበዪ። የበረዶውንም ሳታፍሪ ተናገሪ። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን) ብቻ ለክተው «ደህና ነሽ» ቢሉሽ እንዳትመለሺ፤ «ፌሪቲንም ይታይልኝ» በዪ። ፌሪቲን ሰውነትሽ ያጠራቀመውን አይረን ይጠቁማል። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ክምችቱ የተሟጠጠበት ሰው ብዙ ነው። ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው የሆርሞን ዕጢ) አብሮ ይታይ፤ እሱም ሲታወክ ያደክማል፣ ፀጉር ያሳሳል፣ የወር አበባ ያዛባል። ደሙ ለምን እንደሚበዛም ይፈለግ። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕባጭ) ሊሆን ይችላል፣ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ምንጩ ካልተገኘ የምትውጪው ኪኒን በየወሩ ተመልሶ ይፈሳል።

ሳትመረመሪ አይረን ገዝተሽ አትዋጪ፤ ትርፉ ጉበት ላይ ይከማቻል። ሐኪሙ ካዘዘልሽ ከሻይና ከቡና አርቀሽ ውሰጂው፤ አይረኑ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ደግሞ አትቸኩዪ። ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለውጡ በመስታወት እስኪታይ ወራት ይፈጃል። ደረጃው ግን ከዚያ በፊት ይቀልሻል።

እህትሽ ትወድሻለች። የማይወድ ሰው በየሳምንቱ አይመላለስም። ግን ተሳስታለች፤ በሰው ፊት ሰነፍ ማለቷም ነውር ነው። ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ። ስንት ቀን እንደሚፈስሽ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነሺ ስትናገሪ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ትስማ። ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ይገባታል።

መላጨቱን በተመለከተ፣ ፀጉሩ ያንቺ ነው። ምላጭ ሥሩን አይነካውም። ቅዳሜ ግን አይሁን። ሐኪሙ የሳሳውን ቦታ በዓይኑ ማየት፣ ጥቂት ዘለላ ይዞ ሳብ አድርጎ ስንት እንደሚነቀል መቁጠር ይፈልጋል። የተላጨ ራስ ይህን አያሳየውም። ከታየሽ በኋላ ካሰኘሽ ተላጪው፤ ማንንም አታስፈቅጂ።

የፌሪቲንሽን ቁጥር ስታውቂ ጻፊልኝ። በረዶው ማማሩን የተወሽ ቀንም ጻፊልኝ።