ለሁሉ እየጸለየ ለራሱ መጸለይ ላቃተው ተመራቂ

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ከመንፈሳዊ ኮሌጅ ለመመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውሃል። ለተግባር ልምምድ በተመደብክበት አጥቢያ ከንጋት ጸሎት እስከ ማታ የሽማግሌዎች ስብሰባ ስትሮጥ ከርመህ የግል የጽሞና ጊዜህ ጠፋ። ያው አጥቢያ አሁን የሙሉ ጊዜ አገልጋይ ሁንልን ብሎሃል። መጋቢነቱን ልቀበል ወይስ ወደ ቀድሞው የሂሳብ ሥራዬ ልመለስ ትላለህ።

የሂሳብ ሥራ መሸሸጊያ አይሆንህም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ጽሞናው የማይስተጓጎልበት የሂሳብ ሠራተኛ እስካሁን አላገኘሁም።

ደብዳቤህ ውስጥ ያልተስማማኝ፣ ጸሎትን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደረግ የግል ጉዳይ ማድረግህ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶቹ የዕለት እርዳታ ጉዳይ ሲነሣ፣ ሐዋርያቱ ነገሩን አልናቁትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው አስረከቡና እነርሱ ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት ተጉ። ጸሎት የሥራቸው የመጀመሪያ መስመር ነበር። ያንተም የሥራ ዝርዝር እንዲሁ ይጻፍ። ከመፈረምህ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥና ማለዳው እስከ ስንት ሰዓት ለጸሎትና ለቃል ጥናት እንደሚጠበቅ፣ የግንባታ ኮሚቴውንና የድምፅ መሣሪያ ኪራዩን ማን እንደሚይዝ በግልጽ ተነጋገሩ። የሂሳብ ባለሙያ መሆንህን ስለሚያውቁ ገንዘብ ያዥነቱንም ሊጨምሩልህ ይሞክራሉ። በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል እምቢ በል።

እረፍትም በወረቀት ይስፈር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም አዋጁ በሃይማኖት ድርጅቶች ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ ሊወሰን እንደሚችልም ይናገራል፤ ስለዚህ መተማመኛህ የቅጥር ደብዳቤህ ይሁን። እሑድ ለአንተ የሥራ ቀን ነውና ሰኞን ጠይቅ። ለቅሶ ሰኞም ይመጣል፤ ሂድ፣ በምትኩ ሌላ ቀን ውሰድ።

ከዚህ የሚከብደው ወረቀት የማይፈታው ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ራስ ላይ እጅ ጭኖ የሚጸልይ አገልጋይ የጸለየ ይመስለዋል። ለስብከት የሚያነበውም ምዕራፍ እንደ ጽሞና ይቆጠርለታል። አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ለብቻው ጸለየ፤ ስምዖን ደርሶ ሁሉም እንደሚፈልጉት ሲነግረው፣ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ። የሚፈልገው ሕዝብ እውነተኛ ችግር ነበረበት፤ ቢሆንም የቀኑን መንገድ የወሰነው ፍላጎቱ አልነበረም። አንተም የምትሰብከውን የማታዘጋጅበት፣ ስልክህ የተዘጋበት ሰዓት ያስፈልግሃል። በጸሎት እያመካኙ ከታመመ ሰው ቤት መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያሉ መጋቢዎች አሉና አትምሰላቸው።

ሽማግሌዎችህ ደመወዝህን የሚወስኑ ሰዎች ስለሆኑ ድካምህን ሁሉ ለእነርሱ ልታወራ አትችልም። ከሌላ አጥቢያ አንድ አንጋፋ መጋቢ ፈልግ፤ በወር አንድ ጊዜ ስለ አገልግሎትህ ሳይሆን ስለ ነፍስህ ይጠይቅህ። ሽማግሌዎቹ «ይህ ሁሉ ለምን ይጻፋል?» ካሉ ይህን አሠራር ለአንድ ዓመት እንዲሞክሩት ጠይቃቸው። ያንንም ካልፈቀዱ ይህን አጥቢያ ተወው፤ መጋቢነቱን ግን አትተወው።