«120 ሜትር መዳብ» ሲባል ምን ተገኘ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የመዳብ ፍለጋ ኩባንያ ውስጥ መጠነኛ አክሲዮን አለኝ። ሰሞኑን ያወጣው የቁፋሮ ውጤት «ከ84 ሜትር ጀምሮ 120 ሜትር፣ አማካይ የመዳብ ይዘት 0.9 በመቶ፤ በውስጡም 6 ሜትር 12 በመቶ» ይላል። የአክሲዮኑ ዋጋ በዕለቱ ዘለለ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ወረደ። ውጤቱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? ልጨምር ወይስ ልሽጥ?

መልስ፦ ይግዙ ወይም ይሽጡ አንልዎትም፤ ቁጥሩን ግን አብረን እንፍታው። 120ን በ0.9 ሲያባዙ 108 ይመጣል። 6 በ12 ደግሞ 72 ነው። ከ108 ላይ 72 ይቀንሱና የቀረውን 36 ለቀሪው 114 ሜትር ያካፍሉ፦ 0.32 በመቶ ገደማ። ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛው በ6 ሜትር ውስጥ ታጭቋል፤ ሌላው ስስ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሁለቱንም ቁጥር ጽፈውልዎታል። ርዕሱ ላይ የወጣው ግን 120 ሜትሩ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 0.32 በመቶ፣ ድንጋዩ ብዙ ከሆነና ወደ መሬት ገጽ ከቀረበ፣ በግልጽ ጉድጓድ (ከላይ ወደ ታች በሰፊው በሚቆፈር ማውጫ) ሊሠራበት ይችላል። ጠባቡ 6 ሜትር ግን የሚፈልገው የውስጥ ለውስጥ ማዕድን ማውጫ ነው። ወጪያቸውም ስጋታቸውም ለየቅል የሆነ ሁለት ፕሮጀክት ማለት ነው፤ ኩባንያው የትኛውን እያሳደደ እንደሆነ መግለጫው ካልነገረዎት ይጠይቁ።

ቀጥሎ ማዕዘኑን ይዩ። የተጻፈው ርዝመት በጉድጓዱ ላይ የተለካ እንጂ የማዕድን ሥሩ (መዳቡን የያዘው የድንጋይ ንጣፍ) እውነተኛ ውፍረት ላይሆን ይችላል። ጣውላን ከፊት ለፊት ቢበሱት ውፍረቱን ያገኛሉ፤ በርዝመቱ አቅጣጫ ቢበሱት ግን መሰርሰሪያው እስኪያልቅ እንጨት ነው። ቁፋሮው ሥሩን በ30 ዲግሪ ከቆረጠው እውነተኛው ውፍረት የተጻፈው ግማሽ ነው፤ የእርስዎ 6 ሜትር 3 ይሆናል። «እውነተኛው ውፍረት አልታወቀም» የምትል ዓረፍተ ነገር ከሠንጠረዡ ሥር በትንንሽ ፊደል ትጻፋለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ያስኬዳል፣ ከሠላሳ ጉድጓድ በኋላም ካልጠፋች ግን ያሳስባል።

ካርታውንም ይክፈቱ። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የስንቱ ውጤት ወጣ? አዲሱ ጉድጓድ ከቀድሞው ጥሩ ጉድጓድ 20 ሜትር ርቆ ከሆነ የታወቀውን አረጋገጠ እንጂ ክምችቱን አላሰፋም። 150 ሜትር ርቆ ተመሳሳይ ይዘት ካገኘ ግን ትልቅ ዜና ነው፤ ቁጥሩ ከፊተኛው ቢያንስ እንኳ።

በሳምንቱ መውረዱን በተመለከተ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት ይህ ነው፦ የፍለጋ ኩባንያ ገቢ የለውም፤ ጥሩ ውጤት ባወጣ ማግስት አዲስ አክሲዮን ከገበያው ዋጋ ቀንሶ ይሸጣል። የመጨረሻውን የሩብ ዓመት ሒሳብ ያውጡና በእጁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያስኬደው ያስሉ።

ጥያቄ፦ «የመዳብ አቻ» የሚባለው ምንድን ነው? የእኔ ኩባንያ 0.6 በመቶ የመዳብ አቻ አገኘሁ ይላል።

መልስ፦ ወርቁን፣ ብሩን ወይም ሞሊብዲነሙን በዋጋ ወደ መዳብ ለውጦ መደመር ነው። ሠንጠረዡን ሲያዩ መዳቡ ብቻውን 0.3 በመቶ፣ ሌላው 0.3 ከወርቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ፋብሪካው ሁሉንም እንደሚያወጣ ከቆጠረ ይጠርጥሩ። ከመዳቡ 90 በመቶው፣ ከወርቁ ግን 50 በመቶው ብቻ የሚወጣ ከሆነ የወርቁ ድርሻ ከ0.3 ወደ 0.17 ይወርዳል (0.3 በ50 ተባዝቶ ለ90 ሲካፈል)፤ 0.6 የተባለውም 0.47 ይሆናል። የተጠቀሙበት የብረቶች ዋጋና የማውጣት ድርሻ ካልተጻፈ እኛ የምናነበው የመዳቡን ዓምድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ውጤት ሳይመጣ የኮር (ከጉድጓዱ ተቆፍሮ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ) ፎቶግራፍ ለጠፉ። ከፎቶ ምን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከሚጠብቁት በላይ። አረንጓዴ ማላካይት ከታየ ኦክሳይድ (ወደ መሬት ገጽ ቀርቦ በአየርና በውኃ የተለወጠ የመዳብ ማዕድን) ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ተከምሮ በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠባል። የነሐስ መሳይ ቢጫ ከሆነ ካልኮፓይራይት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰልፋይድ (ከድኝ ጋር የተዋሃደ) ስለሆነ ተፈጭቶ በአረፋ ይንሳፈፋል። አንዱ ለሌላው በተሠራ ፋብሪካ በደንብ አይወጣም፤ ድብልቁ ዞን ደግሞ ለሁለቱም ያስቸግራል።

ካልኮፓይራይት ውስጥ ያለው መዳብ 34.6 በመቶ ነው። ስለዚህ «በዓይን ሲገመት 2 በመቶ ካልኮፓይራይት» ቢሉ ወደ 0.7 በመቶ መዳብ ነው፤ ያውም ፓይራይቱን (መዳብ የሌለበት፣ ግን እሱን የሚመስል ማዕድን) ከእሱ ጋር ካልደባለቁት። የሚያብረቀርቅ ሁሉ መዳብ አይደለም፣ በፎቶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

በሳጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ወይም «የጠፋ ኮር» የሚል የእንጨት ምልክት ካለ ልብ ይበሉ። ከ3 ሜትር ቁፋሮ 2.1 ሜትር ኮር ብቻ ከወጣ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው 30 በመቶ ምን እንደነበረ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ተሰባብሮ በውኃ የታጠበው መዳቡ ከሆነ ውጤቱ ያንሳል፣ ባዶው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ያለአግባብ ይጨምራል።

ኮሩ በርዝመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜትር እየተቆረጠ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ግማሹ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከናሙናዎቹ መካከል መዳብ የሌለበት ባዶ ናሙናና ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ መለኪያ ናሙና እየተሰገሰገ ይላካል። ባዶው መዳብ ካሳየ የሆነ ቦታ ተበክሏል፤ ያ ስብስብ እንደገና መመርመር አለበት። ኩባንያው ይህን ማድረጉን የሚናገረው አንቀጽ ከመግለጫው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፎቶውን ከማየትዎ በፊት እሱን ያንብቡ።