የማሪዮ ባቫ የመጀመሪያ ፊልም፦ የ1957ቱ ወይስ የ1960ው?

የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የማሪዮ ባቫን ፊልሞች ዝርዝር ስታዘጋጅ፣ ያነበብከው አንዱ ጽሑፍ የ1957ቱን ፊልም የእሱ ሥራ አድርጎ ሲቆጥር ሌላው ከ1960ው ስለሚጀምር የቱ ትክክል እንደሆነ ጠይቀሃል። መልሱ የ1960ው (እ.ኤ.አ.) ነው። በዳይሬክተርነት ስሙ ብቻውን የሰፈረበት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ» ነው፤ ዝርዝርህን ከእሱ ጀምር።

ያደናገረህ የ1957ቱ «ኢ ቫምፒሪ» የተመዘገበው በዳይሬክተሩ በሪካርዶ ፍሬዳ ስም ነው። ፍሬዳ ሳይጨርሰው ጥሎ ሄደ፣ ካሜራማኑ ባቫ ጨረሰው። ስለዚህ ያነበብካቸው ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው።

ይሄ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በ1959 የዳይሬክተሩን የዣክ ቱርነርን የማራቶን ጦርነት ፊልም ዳር ያደረሰውም ባቫ ነው። ጋላቴያ የተባለው የፊልም ኩባንያ የራሱን ፊልም እንዲሠራ ዕድሉን የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕድሜው 46 ሊሞላ ሲል። በትንሽ ገንዘብ፣ በጭስና በባለቀለም መብራት ያን የመሰለ ዓለም የሚፈጥር ሰው ይህን ያህል መጠበቁ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የባቫን የ1973 ፊልም «ሊዛ ኤ ኢል ዲያቮሎ»ን ስትፈልግ ፕሮዲዩሰሩ ቆራርጦ፣ አዳዲስ ትዕይንት አስጨምሮ በ1975 ያወጣው ቅጂ ሊገጥምህ ይችላል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ጭራሽ አይገናኙም። ቄሱ ጋኔን ሲያስወጣ ካየህ ዝጋውና የ1973ቱን ፈልግ።