መሪ ላይ የሚያልፍ ስድስት ሰዓት

ልጆቼ፣

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ደሴ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ሦስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ማመልከቻ ጽፈዋል። "መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የቤተሰቦቻችን አቅም አይፈቅድም። ትምህርት ቤታችን መንዳትን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያስተምረን" ይላል። ርዕሰ መምህርቷ ወረቀቱን ሰጡኝና "ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያሳለፉበት ሙያ ነው። ስንት እንደሚያስወጣ ይሥሩልኝ" አሉኝ።

ሠራሁላቸው። ቁጥሩን ስናገር የልጆቹ ፊት ጠቆረ። አንደኛዋ ማመልከቻውን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አንጀቴን በላችኝ። ያን ዕለት "አይቻልም" ብዬ ብቻ ነው የወጣሁት፤ ለምን እንደማይቻል፣ ምን እንደሚቻል አላስረዳኋቸውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱም ለእናንተም ነው።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ18 ዓመቴ ረዳት ሆኜ ከባድ መኪና ላይ ወጣሁ። ከዚያ የራሴን ኤንትሬ ፊያት ተረከብኩ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጌ አሰብ ስመላለስ ወጣትነቴ አለቀ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ እኔም ከባድ መኪናውን ተውኩና አሠልጣኝ ሆንኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ለማጅ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ 600 የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለው። ለእያንዳንዱ መሪ ላይ ስድስት ሰዓት ብቻ እንስጠው። ስድስትን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ አሜሪካኖች ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤቶቻቸው የሠሩበት ልክ ክፍል ውስጥ 30 ሰዓት፣ መሪ ላይ 6 ሰዓት ነበር። 600 ተማሪ በስድስት ሰዓት ሲባዛ 3,600 ሰዓት ይመጣል። አንድ መኪና በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 600 ቀን ይፈጅበታል። የትምህርት ቀን ደግሞ በዓመት 200 ቢሆን ነው። ስለዚህ ሦስት መኪናና ሦስት አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ ያውም አንድ ቀን ብልሽት ሳይኖር፣ አንድ ቀን አሠልጣኝ ሳይታመም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሒሳብ አስተማሪ 50 ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተምራል። አሥር ቢጨመርበት ይደክመው ይሆናል እንጂ ሌላ አስተማሪ አይቀጠርም። የአንድ ተማሪ ወጪም ያንስለታል። መኪና ግን እንደዚህ አይደለም። መሪ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ተማሪ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱም፣ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ደመወዙም እኩል ይጨምራል። ልጆቹ "መኪና ከተገኘ" ብለው አስበው ነበር። መኪናውንማ አንድ ደግ ሰው ሊለግስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን በየዓመቱ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደገና መክፈል ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ዕዳ አላት። ደሴ ውስጥ እስቲ ሜዳ ፈልጉ! ሁሉም ዳገት ነው። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ፒያሳ አካባቢ ዳገት ላይ አስቆምኳትና "አስነሺ" አልኳት። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚለየው መርገጫ) ላይ፣ ቀኟ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። የሸራ ጫማዋ ተረከዝ ወለሉን ጧ ጧ ያደርጋል። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፤ መኪናው ወደ ኋላ ሸሸ፤ በእኔ በኩል ባለው ፍሬን ያዝኩት። ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሳች። አሁን ደግሞ ነዳጅ አበዛች፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ከኋላችን የቆመው ባጃጅ ክላክሱን አይለቅም። "አብሽሪ፣ እሱ ይጠብቃል" አልኳት። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረች። በአሥራ ሁለተኛው መኪናው ሳይንፏቀቅ፣ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ወጣ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያ ሰዓት በአንድ ዳገት አለቀ። ከስድስቱ አንዱ ሄደ። የፍሪሲዮኑን ዲስክ በዚያው ወር ቀየርን።

ከእንግዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ነዳጅም አይጠጡም። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ ነው። ይህ ወጪውን በተወሰነ ደረጃ ያቀለው ይሆናል። የአሠልጣኙን ሰዓት ግን አያሳጥረውም።

ሥራ ካቆምኩ በኋላ ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ቻለው ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ፣ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ከተማ አሞስ ናይሃርት የሚባል መምህር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መንዳት ማስተማር ጀመረ። በራሱ መኪና ነበር። ሐሳቡ ተስፋፋና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተለመደ ትምህርት ሆነ። ከዚያ ወጪው መጣ። ኮኔቲከት የምትባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 ድጎማዋን አቋረጠች፤ አንዳንድ ከተሞችም ትምህርቱን ዘጉ። አጥኚዎች ሄደው ሲያዩ ያልተጠበቀ ነገር ገጠማቸው። ትምህርቱ በተዘጋባቸው ከተሞች መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ቀነሱ፤ ከእነሱ ጋር አደጋውም ቀነሰ። ለካ ትምህርቱ ልጆቹን ቶሎ መንገድ ላይ ያወጣቸው ነበር።

ጆርጂያ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ዲካልብ በሚባል አካባቢ ደግሞ ወደ 16,000 ተማሪዎችን በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩ። ለአንዱ ቡድን 70 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሙሉ ሥልጠና ሰጡት፣ ለሌላው አጭር፣ ለሦስተኛው ምንም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ልዩነት ታየ፤ ወራት ሲያልፉ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነው ብዙ ባለሥልጣናት "ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን እናወጣለን?" ያሉት። የቀጠሉበትም አሉ። ኔብራስካ በምትባለው ግዛት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወጣት አሽከርካሪዎችን ያየና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ትምህርቱን የወሰዱት አደጋም ቅጣትም እንዳነሰባቸው አገኘ።

እኔ ከዚህ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። በስድስት ሰዓት ሰው መኪና ማንቀሳቀስ ይማራል። መንገድ ማንበብ ግን አይማርም። እነሱ ጋ ቀሪውን አባትና እናት ይሞሉታል፤ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር፣ በቤተሰቡ መኪና፣ ብዙ ሰዓት ይነዳል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችውና ሌሎችም የተከተሉት አሠራርም በዚህ ላይ ነው የቆመው፦ መጀመሪያ ከአዋቂ ጋር፣ ቀጥሎ ብቻህን ግን ሌሊት ሳይሆን፣ በመጨረሻ ሙሉ ፈቃድ። ከእናንተ መካከል የአባቱን መኪና እየነዳ የሚለማመድ ስንት ነው? ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛ ገብታችሁ የምትከፍሉባት ሰዓት ያለቻችሁ ብቸኛ ሰዓት ናት።

ይህን የምለው ስላነበብኩ ብቻ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር ከባድ ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አሠለጥን ነበር። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ልጁ ቶሎ ለመደ። እናቱ መጥታ "ጋሼ፣ ከዚህ በላይ የለኝም፤ እባክዎ ያሳጥሩልኝ" አለችኝ። ልጁ ጥሩ ይነዳል፣ እናቱ ታሳዝናለች። እሺ አልኩ። የቀሩትን ሰዓታት ተውኩለትና ለፈተና አቀረብኩት። አለፈ። ዓመት ሳይሞላው የሰው ፒክአፕ ተረክቦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አደረገ። ዕቃ ጭኗል። በፍሬን ብቻ ነው የሚይዘው። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የፍሬኑ ሸራ ጨሰ፤ ከዚያ ፍሬኑ እምቢ አለ። ገደል ከመግባት ወደ ተራራው ማስጠጋት ይሻላል ብሎ ወደ ቦዩ አስገባው። እሱ ተረፈ። ጎኑ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ አንድ እግሩን አጣ።

ሐረጎን አንድ ቀን እንኳ አብሬው አልወረድኩም ነበር። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የምትለዋን የአሰብ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃትን ነገር እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ እግሩ ፍሬን ላይ እያለ ልነግረው ይገባኝ ነበር። የተውኩለት ሰዓት እሷ ነበረች።

እና ትምህርት ቤት ምን ይችላል? ብዙ ይችላል። መሪው ላይ ያለውን ስድስት ሰዓት ለማሠልጠኛ ይተወው። ክፍል ውስጥ ለሚሰጠው 30 ሰዓት ግን መምህርም፣ ክፍልም፣ ጠመኔም አለው። በ2014ቱ ጦርነት ወንበራቸውንና ቤተ ሙከራቸውን ያጡ የወሎ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ መኪና ግዙ ማለት ግፍ ነው። ይህ ግን የሚፈልገው ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የፊዚክስ መምህራችሁ ያረጋግጥላችኋል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያን ያህል ሲወርድ፣ ክብደቱን በኪሎ ግራም አድርጋችሁ በስበትና በከፍታው አባዙት። ወደ 235 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ይህ ሙቀት 700 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አሁን ጠይቁ፦ ይህ ሁሉ ሙቀት የት ይሄዳል? ማርሽ ውስጥ ከሆነ ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። ዜሮ ላይ ከሆነ ሁሉም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ይህን በወረቀት ላይ የሠራ ልጅ ሐረጎ ላይ ማርሽ ዜሮ አያደርግም።

ሌላም አለ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ለሹፌር ብቻ አይደለም። በአገራችን መንገድ ላይ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞችና ተሳፋሪዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ከ600 ተማሪ ምናልባት ብዙው መሪ አይዝም። ሚኒባስ ውስጥ ግን ይቀመጣል። ጎኗ ያለው ሹፌር ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ሲያሳርፍ የሰማች ተሳፋሪ "ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ" ማለት ትችላለች። የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚጫነው የፍሬን ብረት) ሽታ የሚያውቅ ልጅ "አቁም፣ ይቀዝቅዝ" ማለት ይችላል። ይህ ሥልጠና ለሁሉም ይደርሳል።

ማሠልጠኛ ስትገቡ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ከመክፈላችሁ በፊት "መሪ ላይ ስንት ሰዓት ነው የማገኘው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ልጅ ሲነዳ ከኋላ የተቀመጣችሁበትን አትቁጠሩ፤ እጃችሁ መሪ ላይ ያለበትን ቁጠሩ። ደብተር ያዙና ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ኮምቦልቻ የምትማሩ ዳገት ጠይቁ። ደሴ የምትማሩ ሐረጎን ወርዳችሁ ውጡ፤ ከተቻለ ጉም ባለበት ጠዋት። አሠልጣኙ "ለፈተናው ይህ አያስፈልግም" ካለ እውነቱን ነው፤ ለፈተናው አያስፈልግም። እናንተ ግን ጠይቁት። ገንዘቡ ካልሞላ ስድስት ወር ጠብቁ። በ18 ዓመት መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ምንም አልዘገየም። ሰዓቱን ቆርጦ ርካሽ የሚያደርግላችሁን፣ ወይም ሳትማሩ ወረቀቱን የሚሸጥላችሁን ሰው እሺ አትበሉት። እኔም አንዴ ርካሽ አድርጌያለሁ።

ማመልከቻውን አጥፈሽ ደብተርሽ ውስጥ የከተትሽው ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ አውጪና እንደገና ጻፊው። መኪናውን ሰርዢ። በቦታው "በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ" በይ። ርዕሰ መምህርቷን አነጋግሬያለሁ፤ እሺ ብለዋል። እኔ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ቤቴ አንድ የከባድ መኪና ታምቡር አለኝ፣ ከነተቃጠለው ሸራው። ስንጥቁ በጣት ይገባል። ሸራውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ታምቡሩን ለማውጣት ግን ሁለት ጎረምሳ ላኩልኝ፣ ብቻዬን አላነሳውም።