የቤዝ ሳጥን በጠባብ ቦታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፒካፕ መኪና አለኝ። በኋላ ወንበሩ መደገፊያና በካቢኑ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ 15፣ ከታች 23 ሳ.ሜ ነው። ባለ 10 ኢንች ቤዝ ስፒከር የሚይዝ ሳጥን ራሴ ሠርቼ እዚያ ማስገባት እፈልጋለሁ። ስፒከሩን ገና አልገዛሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አለመግዛትዎ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ስፒከሩን ቀድሞ ይገዛና በኋላ ሳጥኑን እንደምንም ለማስገባት ይታገላል። ቦታ ሲጠብ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ክፍተቱ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይወቁ፣ ከዚያ በዚያ ሊትር ደህና የሚሠራ ስፒከር ይፈልጉ።

ክፍተቱን በሜትር ብቻ ለክተው አይመኑ። የሳጥኑን ቅርጽ በካርቶን ሠርተው ያስገቡት፤ ከዚያም ወንበሩን ይቆልፉና ሰው ያስቀምጡበት። ሰው ሲደገፈው መደገፊያው ወደ ኋላ ይገፋል። ሳጥኑ የቀበቶውን መጠቅለያ፣ የወንበሩን ማጠፊያ ወይም የክሪኩን ቦታ የሚነካ ከሆነም የሚታወቀው ያኔ ነው። በስፒከሩ ፊትና በመደገፊያው መካከል ቢያንስ 3 ሳ.ሜ ባዶ ይተዉ። ስፒከሩ ጮክ ብሎ ሲሠራ ሸራው (የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ፊት) ወደ ፊት ይወጣል፤ መደገፊያውን ከነካ ድምፁ ይበላሻል፣ ሸራውም አይቆይም። ስለዚህ ሳጥንዎ ከላይ 12፣ ከታች 20 ሳ.ሜ ጥልቀት ይኖረዋል ማለት ነው። ስፋቱን 60፣ ቁመቱን 40 ሳ.ሜ እናድርገውና እናስላ።

የውጭ ልኬቱን በቀጥታ ካባዙት (የጥልቀቱ አማካይ 16 ነው) 38.4 ሊትር ይመጣል። ይህ ቁጥር ያታልላል። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ በተሠራ ጣውላ) ከሠሩ ከእያንዳንዱ ልኬት 3.6 ሳ.ሜ ይቀነሳል፤ 56.4 በ36.4 በ12.4 ሲባዛ 25.5 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛውን እንጨቱ ወሰደው። ስፒከሩ ራሱ የሚይዘው 1.5 ሊትር ያህልና የማጠናከሪያ እንጨቶቹ ሲቀነሱ በእጅዎ የሚቀረው 23 ሊትር ገደማ ነው።

አሁን ስፒከር ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ስፒከር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮችን ይፈልጉ፦ ኤፍኤስ (Fs፣ ስፒከሩ ብቻውን በቀላሉ የሚንቀጠቀጥበት ኸርዝ)፣ ኪውቲኤስ (Qts፣ ንቅናቄው ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር) እና ቪኤኤስ (Vas፣ የሸራውን ልስላሴ በአየር ሊትር የሚገልጽ)። ቪኤኤሱን ለሳጥኑ ሊትር ያካፍሉ፣ 1 ይደምሩበት፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡና በኪውቲኤስ ያባዙት። የሚመጣው ቁጥር ለድፍን (አየር ለማያስወጣ) ሳጥን ከ0.7 እስከ 0.9 ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ ኤፍኤስ 30 ኸርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.45፣ ቪኤኤስ 30 ሊትር የሆነ ስፒከር በ23 ሊትር ውስጥ 0.68፣ ማለትም 0.7 ገደማ ይሰጣል፤ ቤዙ የተሰበሰበና ንጹሕ ይሆናል። ያንኑ ስፒከር 8 ሊትር ውስጥ ቢያስገቡት 0.98 ይደርሳል፣ የሳጥኑ ሬዞናንስም (ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ በቀላሉ የሚንቀጠቀጥበት ኸርዝ) ከ45 ወደ 65 ኸርዝ ይወጣል። ያኔ የሚሰሙት አንድ ኖታ ላይ የሚያብጥ ድምፅ ነው፤ ጥልቁ ቤዝ ይጠፋል። ለእርስዎ ልኬት ቪኤኤሱ ከ25 እስከ 40 ሊትር፣ የመግቢያ ጥልቀቱ ደግሞ ከ10 ሳ.ሜ የማይበልጥ ስፒከር ይፈልጉ። ማግኔቱ ከኋላ መተንፈሻ ቀዳዳ ካለው ከሳጥኑ ጀርባ ቢያንስ 2 ሳ.ሜ መራቅ አለበት። ጥልቀቱ ወደ ታች ስለሚሰፋ ስፒከሩን ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርገው ይግጠሙት።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ ጀርባው 60 በ40፤ ሁለቱ ጎኖች ቁመታቸው 40፣ ከላይ 8.4፣ ከታች 16.4 ሳ.ሜ የሆኑ፤ የላይኛውና የታችኛው ርዝመታቸው 56.4 ሆኖ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገቡ። የላይኛውና የታችኛው የፊት ጠርዝ በ11 ዲግሪ ይጋደም። የፊቱ ጣውላ ያጋደለ ስለሆነ 40 ሳይሆን 40.8 ሳ.ሜ ይፈልጋል፤ 41.5 አድርገው ቆርጠው ኮላው ከደረቀ በኋላ ትርፉን ቢልጉት ይሻላል። የስፒከሩን ቀዳዳ ሳጥኑ ሳይገጣጠም በጂግሶ (ክብ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ያውጡ፤ ልኩን ከወረቀቱ ይውሰዱ እንጂ በግምት አይቁረጡ።

ኮላውን በሁለቱም ጠርዝ ላይ ይቀቡ፤ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ኮላ ስለሚመጥ አንድ ጊዜ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት። በ4 በ45 ሚሊ ሜትር ብሎን በየ12 ሳ.ሜው ይሰሩ፤ ነገር ግን በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስቀድመው ካልበሱት ጠርዙ ይሰነጠቃል። ከ30 ሳ.ሜ በላይ ያለ ድጋፍ የሚዘረጋ ጣውላ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ከስፒከሩ ግራና ቀኝ ከጀርባው እስከ ፊቱ የሚደርስ እንጨት ያቁሙ። የውስጥ ማዕዘኖቹን በሙሉ በሲሊኮን ይድፈኑ። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት ከሆነ ስፒከሩን ከመግጠምዎ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍት ይተዉት፤ ትነቱ ለመዳብና ለስፒከሩ ማጣበቂያዎች ጥሩ አይደለም። በመጨረሻ 200 ግራም ያህል የትራስ ፋይበር ሳይጠቀጠቅ ይበተንበት፤ ስፒከሩ ሳጥኑን ትንሽ ሰፋ አድርጎ እንዲያየው ያደርጋል። የማግኔቱን መተንፈሻ ግን አይሸፍኑት።

ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር በብሎን ያስሩት። ያልታሰረ ከባድ ሳጥን በግጭት ጊዜ ሰው ላይ ይወረወራል። ከመብሳትዎ በፊት ከቆርቆሮው በስተጀርባ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን አይተው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ቱቦ (የአየር መውጫ) ያለው ሳጥን የበለጠ ይጮኻል ይባላል። 30 ሊትር ቦታ አለኝ። ለምን ቱቦ አላደርግበትም?

መልስ፦ መጮኹ እውነት ነው፤ ችግሩ ቱቦው ራሱ ቦታ መፈለጉ ነው። 30 ሊትሩን በ35 ኸርዝ ለማስተካከል የውስጥ ዲያሜትሩ 7.5 ሳ.ሜ የሆነ ቱቦ 31 ሳ.ሜ ያህል ርዝመት ይፈልጋል። ይህ ይገባ ይሆናል፤ ነገር ግን ለጠንካራ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ቀጭን ነው፣ ድምፁ ሲጨመር አየሩ ይፏጫል። ፉጨቱን ለመቀነስ ዲያሜትሩን 10 ሲያደርጉት ርዝመቱ 57 ሳ.ሜ ይደርሳል፤ ቱቦው ብቻውን ወደ 4.5 ሊትር ይይዛል፣ ይህም በ30ው ላይ የሚጨመር ነው። የቱቦው የውስጥ አፍ ደግሞ ከግድግዳው የዲያሜትሩን ያህል መራቅ አለበት። ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይህ ሁሉ አይገኝም። ቱቦውን ያለ ስሌት ያሳጠረ ሰው ሳጥኑን ወደ 50 ወይም 60 ኸርዝ ከፍ አድርጎታል፤ ድምፁ ይደልቃል እንጂ ቤዝ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ከተስተካከለበት ኸርዝ በታች ቱቦ ያለው ሳጥን ስፒከሩን መያዝ ያቆማል፣ ሸራው ያለ ልክ ይወጣል፣ ይገባል። አምፕሊፋየርዎ ዝቅተኛውን ኸርዝ የሚቆርጥ ማጣሪያ ከሌለው ስፒከሩን ያጣሉ። ድፍን ሳጥን ውስጥ ግን የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ይይዘዋል። መኪና ውስጥ ደግሞ ካቢኑ ትንሽ ስለሆነ ከ60 ወይም 70 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ራሱ ያነሳዋል፤ ድፍን ሳጥን ከታች የሚያጎድለውን በከፊል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት መኪና ውስጥ ቦታ ከጠበበ ድፍኑን ይምረጡ፤ አነስ ያለ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ድምፅ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም።

ጥያቄ፦ ሳጥኔን ጨርሻለሁ። ድምፁን ስጨምር ከአንድ ጎን “ፍስስ” የሚል ይሰማኛል።

መልስ፦ አየር እያፈሰሰ ነው። ሸራውን በሁለት እጅ መዳፍ፣ ዙሪያውን እኩል አድርገው ቀስ ብለው ይግፉና ጥቂት ይያዙት፤ ሳጥኑ ድፍን ከሆነ የታፈነው አየር እጅዎን መልሶ መግፋቱን አያቆምም፣ ካፈሰሰ ግን ግፊቱ እየላላ ይሄዳል። ከዚያ 40 ኸርዝ ድምፅ ዝቅ አድርገው አጫውተው እርጥብ እጅዎን በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሳልፉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሰው እንጨቱ ሳይሆን ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳና የስፒከሩ ጠርዝ ነው። ከስፒከሩ ቀለበት ሥር ስስ የስፖንጅ ቴፕ ያድርጉና ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ በተቃራኒ እያፈራረቁ ይጠብቁ። አንድ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ቀለበቱ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ በሻንጣ ማስቀመጫው ጥግ፣ ከጎማው ቅስት በስተጀርባ ያለውን ጎድጓዳ በፋይበርግላስ መሥራት ይቻላል? ሊትሩንስ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ጠባብ ቦታን በሙሉ የሚጠቀምም እሱ ነው። ቦታውን በወረቀት ቴፕ ሁለት ጊዜ ይሸፍኑ፣ በላዩ አሉሚኒየም ፎይል ያንጥፉ፤ ሬዚን (ፋይበርግላሱን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ቀለም ላይ ከደረሰ አይለቅም። የመጀመሪያውን ሁለት ንብርብር መኪናው ውስጥ ያድርጉና ሲደርቅ ያውጡት፣ የቀረውን ውጭ ይጨርሱ። የሬዚን ትነትና ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ የትነት ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ጓንት ያድርጉ፣ በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ። ማድረቂያው ከሬዚኑ 1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማብዛት ሬዚኑን ያግለዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በጠቅላላ 6 ንብርብር፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል። የተጠማዘዘው ክፍል በቅርጹ ይጠነክራል፤ ጠፍጣፋው ግን ይንቀጠቀጣል፣ እዚያ ላይ ይጨምሩ ወይም እንጨት ይለጥፉበት።

ሊትሩን ለማወቅ ቅርጹን የፊት ጣውላው እስከሚያርፍበት ድረስ በፎም ፍርፋሪ ይሙሉና ፍርፋሪውን ሊትሩ በሚታወቅ ባልዲ ይስፈሩት። ውኃ አይጠቀሙ፤ ክብደቱ ያልጠነከረውን ቅርጽ ይለውጠዋል፣ በትንሽ ቀዳዳም ያመልጣል። ከተገኘው ላይ ስፒከሩ የሚይዘውን ይቀንሱ። የጎደለ ከሆነ የፊት ጣውላው ዙሪያ የእንጨት ቀለበት ጨምረው ወደ ውጭ ያውጡት፤ የ40 በ30 ሳ.ሜ ፊት በየ2 ሳ.ሜው 2.4 ሊትር ይጨምርልዎታል።