ኮሪያውያንን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። በኢንተርኔት ነው የምታስተምረው፤ ተማሪዎቿ ሴኡል ናቸው። «ጋሼ፣ ፊውቸር ቴንስ (የትንቢት ጊዜ) አልገባ አላቸው፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔም አዲስ አበባ ለሥራ የመጡ ኮሪያውያንን ለዓመታት ስላስተማርኩ፣ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ «ዊል» እና «ጎይንግ ቱ» እኩል ናቸው ብዬ ጻፍኩ። 20 ዐረፍተ ነገር ሰጥቼ ከአንዱ ወደ ሌላው አስቀየርኳቸው። አንዱንም አልሳቱም፤ ደስ አለኝ። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ግን ሁሉም ነገር «አይ ዊል» ሆነ። ትኬቱን ቆርጦ የጨረሰ ሰው እንኳን «አርብ አይ ዊል ጎ» ይላል። ለካ ቅርጹን እንጂ ሐሳቡን አላስተማርኳቸውም።

ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለ ነገ ሲያወሩም ብዙ ጊዜ የአሁኑን ቅርጽ ይጠቀማሉ፤ «ኔይል ካዮ» ማለት «ነገ እሄዳለሁ» ነው። የእኛም «እሄዳለሁ» እኮ ለዘወትርም ለነገም ያገለግላል። ግን ልዩነቱን አያውቁም ብላችሁ እንዳታስቡ። ለሚሰማቸው ሰው ቃል ሲገቡ «ካልኬዮ» ይላሉ። ሐሳቡ ካላቸው ደግሞ «ካርዮጎ ሄዮ» ይላሉ። ስለዚህ ከዚያ ተነሡ። ስልክ ሲጮህ «እኔ አነሳዋለሁ» የሚለው ሰው በእንግሊዝኛ «አይል» («አይ ዊል» ሲያጥር) ይበል። ቀድሞ ያሰበው ከሆነ «ጎይንግ ቱ» ይበል። ቦታና ሰዓት ከተቆረጠለት ደግሞ «አይም ሚቲንግ» ይሻላል።

እዚህ ላይ አማርኛችሁን አትናቁት። ሰማዩ ጠቁሮ ስታዩ «ሊዘንብ ነው» ነው የምትሉት። ያ «ጎይንግ ቱ» ነው።

ሌላም አለ። በኮሪያኛ «ያክሶክ» ቃል መግባትም ነው፣ ቀጠሮም ነው። ስለዚህ «ማታ አይ ሃቭ ኤ ፕሮሚስ» ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ ጓደኛ ሊያገኙ ነው። «ዌን ሂ ዊል ካም» ማለታቸውም ከቋንቋቸው የመጣ ነው። የእነሱ «ሲመጣ» የትንቢት ምልክት የሆነችውን የ«ል» ድምፅ ይይዛል። በእንግሊዝኛ ግን እንደ «ሲመጣ» ባለ አነጋገር ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አይገባም።

ከሁሉም በላይ ግን ጆሯችሁን አሠልጥኑ። አንዲት ተማሪዬ ትምህርት ጨርሰን ስንለያይ «አይ ወንት ካም ቱሞሮ» አለችኝ። «ቱ» መጣል የተለመደ ስህተት ስለሆነ «ነገ መምጣት እፈልጋለሁ» ያለችኝ መሰለኝ። በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ የተለመደው ካፌ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። ለካ ያለችኝ «ነገ አልመጣም» ነው! «ዎንት» (የ«ዊል» አሉታ) እና «ዋንት» (እፈልጋለሁ) በኮሪያውያን አፍ አንድ ይሆናሉ። ቃሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኛን ሳድስ የመሰለች ድምፅ ስለሚጨምሩ፣ ሁለቱም «ወንት» ሆነው ይሰማሉ። ስትነግረኝ ፊቷ ቀላ፤ እኔም በጣም አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። ለወራት ስናጠና አንድም ቀን አፏን ሰብስባ «ዎ» እንድትል አላለማመድኳትም።

ከዚያ በኋላ የመልመጃ ደብተሩን ዘጋሁት። ትምህርት ስንጀምር «ስልካችሁን አውጡና ካላንደራችሁን ክፈቱ» እላለሁ። ሰዓት የተቆረጠለትን አንድ ነገር ይነግሩኛል። ቀጥሎ ያሰቡትን፣ ግን ገና ሰዓት ያልቆረጡለትን። ከዚያ «መስኮቱ ተከፍቷል፣ ብርድ ነው» እላለሁ። አንዱ ብድግ ብሎ «አይል ክሎዝ ኢት» ይላል። ሲናገር ግን እየሄደ መሆን አለበት፤ ተቀምጦ ካለው አልቀበለውም።

ያቺ ተማሪዬም እስከ ዛሬ መቅረት ስትፈልግ ከ«ዎንት» ይልቅ «አይም ናት ካሚንግ ቱሞሮ» ብላ ትጽፍልኛለች።